ለእማዬ፣ ስለ ቡችላው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የድሬ ሙቀት ብቻ ነው የፈተነኝ፤ እናንተ ሐረር ላይ ምን አለባችሁ!

በስልክ «ለውሻ ደግሞ ኦፕራሲዮን!» ብለሽ ስትስቂ መልስ አጠረኝ። ቡችላው ላንቃው ተሰንጥቆ ነው የተወለደው። አፉና አፍንጫው መሀል ቀዳዳ አለ። ጡት ሲይዝ ወተቱ በአፍንጫው አረፋ እየሠራ ይወጣል። ዓይን በልቶት አይደለም እማዬ፤ ማሕፀን ውስጥ ሳለ የላንቃው ግራና ቀኝ ሳይገጥም ቀርቶ ነው። አንዳንዴ በዘር ይመጣል፣ አንዳንዴ እናቲቱ አርግዛ የወሰደችው መድኃኒት ያመጣዋል።

አሁን የምመግበው በቱቦ ነው። ቱቦውን ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መጨረሻው ጎድን አጥንቱ ለክቼ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌበታለሁ። ምልክቱ ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ ቱቦው እንቢ ካለ፣ ወደ ሳንባ መንገድ ስቶ ሊሆን ስለሚችል አውጥቼ እንደገና እጀምራለሁ። ሌሊትም በየሦስት ሰዓቱ ነው። ማኅሌት አዳሪ ሆኛለሁ ብልሽ ይሻላል።

«እንዲያ ከሆነ ዛሬውኑ ይሰፋ» ብለሽ ነበር። አይሆንም። ሦስት፣ አራት ወር እስኪሞላው እንጠብቃለን። አሁን አፉ ጠባብ፣ ሥጋው ስስ ነው፤ ማደንዘዣውም ይከብደዋል። ቀዳዳው የሚደፈነው ከዚያው ከላንቃው ሥጋ ተስቦ ነው። ስፌቱ ከተፈታ ለሁለተኛው ሙከራ የሚተርፈው ሥጋ ያንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ላይ አልቸኩልም። ጊዜው ሲደርስ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን የእንስሳት ሐኪሞች አማክራለሁ፤ ካልሆነም ቢሾፍቱ እወስደዋለሁ።

እስከዚያ የምፈራው የሳንባ ምች ነው። ምግብ ወደ ሳንባ ከገባ ቶሎ ይገድላል። ምች ይዞት መድኃኒት ካልመለሰው፣ ትንፋሽ አጥሮት ሲሰቃይ ቆሜ አላይም፤ በመርፌ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር አንድ ነን። ግን ዛሬ ክብደቱ እየጨመረ፣ ጣቴን እየነከሰ፣ «ተይው ይሙት» ማለት አልቻልኩም። ገንዘቡን ደግሞ አትጨነቂ፤ ካንቺ ወርሃዊ ላይ አልነካም። ከዳነም እንዳይራባ አስኮላሸዋለሁ።

ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢን ተሳልመሽ በዚያው ወደ ድሬ ስትወርጂ ታይዋለሽ። አንድ አደራ ብቻ፦ አንጀትሽ አይችልምና፣ እኔ ዞር ስል ወተት በሳህን እንዳታቀርቢለት። ሳንባው ከገባች አንዲት ጠብታ ትገድለዋለች።

ልጅሽ