የበዓል ዋዜማ የመብራት ጥገና ስምሪት ከወዲሁ ይታቀድ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የመብራት ጥገና ለምን ይዘገያል የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ የሰውና የመኪና እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ያሉት ቡድኖች በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ሰፈር አጠገብ መቆም እንዳለባቸው ከብልሽት መዝገብ ተነስቶ ማስላት ይቻላል። ለዚህ አዲስ መኪና አያስፈልግም። ነሐሴ ገብቷል፣ እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ ስለዚህ ጉዳዩን ማንሳት ያለብን አሁን ነው።

ከምጣድ እንነሳ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በብዙ ሰፈር የሚገኘው 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር፣ ምጣዱን በ3.5 ብናሰላው፣ 90 ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድበት ሞልቷል ማለት ነው፤ ምድጃውና ውኃ ማሞቂያው ገና አልተቆጠሩም። በአዘቦት ቀን ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንጀራ አይጋግርም። በበዓል ዋዜማ ግን ይጋግራል፣ ድፎውም ይደፋል፣ ዶሮውም ይሠራል። ፊውዙ የሚቃጠለው ያኔ ነው። ይህ ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ ቀኑ በቀን መቁጠሪያ ላይ የተጻፈ ሥራ ነው።

ችግሩ ያለው በየትኛው ቀን መቁጠሪያ እንደምንተነብይ ላይ ነው። ከውጭ የመጡ አንዳንድ የስምሪት ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች «ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ስንት ጥሪ ነበር» ብለው ይጠይቃሉ። ፋሲካ ግን በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። የ2016ን ሚያዝያ አይቶ የ2017ን ያቀደ ሰው ለተራ ቀን ተጨማሪ ቡድን አሰልፎ፣ ለቅዳም ሥዑር የተለመደውን ፈረቃ ብቻ አስቀርቷል። ኢድ አልፈጥርና አረፋም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ። ስለዚህ መነጻጸር ያለበት ቀን ከቀን ጋር ሳይሆን ዋዜማ ከዋዜማ ጋር ነው፦ የዘንድሮው ቅዳም ሥዑር ካለፈው ቅዳም ሥዑር፣ የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ካለፈው የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ጋር። ጳጉሜን 5 ወይም 6 መሆኗን የማያውቅ ሠንጠረዥ እዚያ ላይ ይሳሳታል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተባለው ጥሪ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ረቡዕ ሆኖ ይመዘገባል። የዋዜማው ሌሊት ብልሽት ለበዓሉ ቀን ይቆጠርና ዋዜማው ቀላል፣ በዓሉ ከባድ መስሎ ይታያል። ቡድኑ በማግስቱ ጠዋት ሲጠናከር ሥራው አልቆ ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለዕቅድ ሲባል ቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይቆጠር። ለደንበኛ የሚሰጥ ቀጠሮም «በ8 ሰዓት» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ይባል፤ ፕሮግራሙ 14፡00 ብሎ ማሳየቱን መዝጋቢዋ አይታ ታረጋግጥ።

ከትንበያው በፊት ግን ቆጠራው መስተካከል አለበት። አንድ ትራንስፎርመር ሲጠፋ 40 ሰው ይደውላል። መዝገቡ 40 ብልሽት ካለ ትንበያውም ስምሪቱም ተበላሸ፤ ሥራው አንድ ነው። ለዚህ እያንዳንዱ ቆጣሪ ከየትኛው ትራንስፎርመር እንደሚመገብ መመዝገብ ይኖርበታል። ይህ እስኪሟላ ድረስ ስልክ ተቀባዩ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የጎረቤትም ጠፍቷል ወይ? ሙሉ በሙሉ ጠፋ ወይስ ደከመ፣ ወይስ አምፖሉ ከልክ በላይ ደመቀ? የወደቀ ወይም የሚፈነጥቅ ሽቦ ይታያል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ በብዙ ቦታ ይዘለላል፤ እንደ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ሲላቀቅ በአንዱ ቤት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ በሌላው ከ220 አልፎ ወደ 380 ይጠጋል። ሰውየው «መብራት አለ ግን ይጨምራል ይቀንሳል» ይላል፤ መዝጋቢው «መብራት አለ» ብሎ ወደ ኋላ ያሰልፈዋል። ቡድኑ በማግስቱ ሲደርስ የሰፈሩ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተቃጥሏል። እንዲህ ያለው ጥሪ መሬት ከወደቀ ሽቦ ቀጥሎ መቆም አለበት።

ትንበያው ራሱ ረቂቅ ሒሳብ አይፈልግም። ያለፉትን 8 ሳምንታት ተመሳሳይ ቀን፣ ለምሳሌ ስምንት ሐሙሶችን፣ በየሰፈሩ ደምሮ ለ8 ማካፈል ነው። ዋዜማ ከሆነ ባለፈው ዋዜማ ጥሪው ከአዘቦቱ ስንት እጥፍ እንደነበር ታይቶ ይባዛል። ውጤቱ በየሳምንቱ ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ይተያይ። «ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ስንት ነበር» ከሚለው ግምት ካልተሻለ መዝገቡ ይመርመር። በአማካይ 16 ብልሽት ያለበት ሰፈር ያለ ምንም ምክንያት አንዳንድ ቀን 12፣ አንዳንድ ቀን 20 ሊኖረው እንደሚችልም አለቆች ይወቁት። በ20ው ቀን ሠራተኛውን መቆጣት አያስፈልግም። 24 ሲያልፍ ግን መስመሩ ላይ አንድ ነገር አለ፣ ይፈተሽ።

ስለ ዝናብም አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ብዙ ብልሽት የሚጠበቀው በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ነው። ያኔ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ይወድቃል፣ ከሥሩ የበሰበሰ ምሰሶም ያዘነብላል። ነገር ግን ከበጋው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ካፊያም ያን ያህል ያስቸግራል። በወራት የተከማቸው አቧራ ሽቦውን ከምሰሶው በሚለየው ኢንሱሌተር ላይ ሲረጥብ ኤሌክትሪክ በላዩ ይሄዳል፣ መስመሩም ይቋረጣል። ዶፉ አቧራውን ያጥበዋል፣ ካፊያው ግን ያላቁጠዋል። ስለዚህ በበልጉ መግቢያ፣ ከደረቁ ሳምንታት በኋላ የሚትዮሮሎጂ ትንበያ ቀላል ዝናብ ሲል ተጠባባቂ ቡድን መኖር አለበት። በአዲስ አበባ ነጎድጓዱ በብዛት ከሰዓት በኋላ ነው፤ የክረምቱን ፈረቃ ጠዋት ላይ ማከማቸትም ትርጉም የለውም።

ቡድኑ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ ቀኑን ሙሉ በቀጠሮ መሙላት ትጋት ይመስላል። የወረፋ ስሌት ግን ሌላ ይላል። ጥሪዎች በዘፈቀደ የሚመጡበት አንድ ቡድን ከሰዓቱ 80 በመቶው ሲያዝ፣ አዲስ ጥሪ በአማካይ የአራት ሥራ ያህል ጊዜ ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲያዝ ዘጠኝ ይሆናል፣ 95 በመቶ ሲያዝ 19። ቆጣሪ ቅያሬና አዲስ መስመር ዝርጋታ በቀጠሮ ሲያዝ ከቡድኑ ሰዓት ሩብ ያህሉ ለብልሽት ባዶ ይተው፤ በዋዜማ ደግሞ ቀጠሮ ጨርሶ አይያዝ። ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች በዋዜማ ምሽት ወረፋቸውን አንድ ላይ ቢያደርጉ፣ አንዱ ጋ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ቡድን ሌላው ጋ የሚጠብቀውን ሰው ይደርስለታል።

የሥራ ጊዜ ሲገመትም አማካይ ብቻውን ያታልላል። አምስት ሥራ 20፣ 25፣ 30፣ 35 እና 190 ደቂቃ ቢወስድ አማካዩ 60 ነው፤ 60 ደቂቃ የወሰደ ግን አንድም የለም። ፊውዝ ቅያሬና የተበጠሰ መስመር ለየብቻ ይገመቱ። መንገዱም ለብቻው ይመዝገብ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚባክነው ቤቱን በመፈለግ ነው። «ከመስጊዱ ጀርባ፣ በግራ በኩል ሰማያዊ በር» የሚለውን ቡድኑ አንዴ ካገኘው በስልኩ የቦታውን ነጥብ ይመዝግብ፤ የሚቀጥለው ቡድን በቀጥታ ይሄዳል። የደመራና የከተራ ዕለት መንገድ ስለሚዘጋ ቡድኖች ከመስቀል አደባባይም ሆነ ከጃን ሜዳ በሁለቱም ወገን አስቀድመው ይቁሙ።

መኪናው ላይ የሚጫነውም ከመዝገቡ ይውጣ። በየመጠኑ ፊውዝ፣ አሉሚኒየምን ከመዳብ የሚያገናኝ ኮኔክተር፣ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ)፣ መሬት ማሰሪያ፣ መሰላል የግድ ናቸው። ፊውዝ ሲያልቅ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት ያለ ልማድ ነው፤ እጅግ አደገኛም ነው። ሽቦው አይቀልጥም፣ በምትኩ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፣ የአንድ ሰዓቱ ሥራ የቀናት ጨለማ ይሆናል። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ ተጠምዝዘው ከታሰሩም እርጥበት ሲያገኛቸው መገናኛው ይበላል፣ ይሞቃል፣ በክረምት ይላቀቃል፤ ቡድኑም እዚያው ይመለሳል።

ለዘንድሮው እንቁጣጣሽ የሚከተለው በቂ ጊዜ አለው። እስከ ነሐሴ 15 ባለፉት ሁለት ዓመታት በዋዜማ ፊውዛቸው የተቃጠለ ትራንስፎርመሮች ዝርዝር ይውጣ። እስከ ነሐሴ 25 ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የእያንዳንዳቸው ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ሦስቱ ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች፣ በክላምፕ ሜትር ይለካ። የ315ቱ ትራንስፎርመር ልክ በፌዝ 455 አምፔር አካባቢ ነው። አንዱ ፌዝ 400፣ ሌላው 180 ከተነበበ አዲስ ትራንስፎርመር መለመን አያሻም፤ ጥቂት ቤቶችን ከከበደው ወደ ቀለለው ማዛወር ነው፣ የአንድ ቀን ሥራ። ሦስቱም ከሞሉ ያ ሰፈር ለዋዜማው በቅርብ የሚቆም ቡድን ያስፈልገዋል።

ከጳጉሜን 3 ጀምሮ ደግሞ ዋናው ፈረቃ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይዙር። የዋዜማውን ምሽት የሠራ ሰው በማግስቱ ጠዋት አይመደብ፤ ደክሞት ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው መስመሩ መጥፋቱን መፈተሹን ሊረሳ ይችላል። ተተኪው ከአሁኑ በስም ይያዝ።

የመስክ ጥገና ስምሪት ዕቅድ ባለሙያ
አዲስ አበባ