በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለሁ የተወሰደው ጥናቴ ይመለስልኝ

ለተቋማችን የምርምር ዘርፍ ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው። የመጀመሪያው «ለሚመለከተው ይመራ» ተባለ፤ ሁለተኛው መዝገብ ቤት ገብቶ አልወጣም፤ ሦስተኛውን በእጄ ስሰጥዎ «ታገሺ፣ ልጅሽን አሳድጊ» አሉኝ። ልጄን እያሳደግሁ ነው። የጠየቅሁዎ ግን ስለ ጥናቴ ነበር።

ጥናቱ ካላ-አዛር የተባለውን በሽታ በምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ላይ ነው። በሽታው ካልታከመ እንደሚገድል፣ ከደጋው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እንደሚያጠቃ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ድረስ ዘልቆ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ብዙ ሰው እንደጎዳ እርስዎም ያውቃሉ። ፕሮፖዛሉን የጻፍሁት፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ያስጸደቅሁት እኔ ነኝ።

የወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ግን፣ ሳልጠየቅና ሳይነገረኝ፣ ዋና ተመራማሪነቱ ለባልደረባዬ ተላለፈ። በባልደረባዬ ቅሬታ የለኝም፤ የታዘዘውን ነው የተቀበለው። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ዝንቧ የምትንቀሳቀሰው በሌሊት በመሆኑና ወጥመዱ ከምሽት በፊት ተጠምዶ ንጋት ላይ ስለሚሰበሰብ፣ ሕፃን ያላት ሴት ዋልካ መሬት ላይ ልታድር እንደማትችል፣ ውሳኔውም «ለደኅንነትሽ ታስቦ» እንደሆነ ተነገረኝ። በዚያው ዋልካ ላይ ከዚህ በፊት ሁለት በጋ የመብራት ወጥመድ ስሰቅል አድሬያለሁ። ያን ጊዜ ለሴት የመስክ ሠራተኞች የተለየ ማደሪያ እንዲዘጋጅ በጽሑፍ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ «በጀት የለም» የሚል ነበር። ደኅንነቴ የታሰበው ጥናቴን ለመውሰድ በተፈለገበት ጊዜ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ የተሰጠው ምክንያት ከራሷ ከዝንቧ ጠባይ ጋር እንኳ አለመገናኘቱ ነው። በብዛት የምትገኘው በበጋው መጨረሻ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው፤ የእኔ ፈቃድ ያበቃው በታኅሣሥ ነው። በመውለዴ ምክንያት ያመለጠኝ አንድም የመስክ ሌሊት የለም።

የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የወሊድ ፈቃድ ሲፈቅድ፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ለሴቶች በሥራ እድገት እኩል መብት ሲሰጥ፣ በፈቃድ ላይ ያለች ሴት ሥራዋን ትነጠቅ አላሉም። የእድገት ነጥቤ የሚቆጠረው ከዚህ ጥናት በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ስሜ በሚሰፍርበት ቦታ መሆኑንም አይስቱትም። ባለፈው ሳምንት የማማክራት የማስተርስ ተማሪ «ልውለድ ወይስ መጀመሪያ ዶክትሬቴን ልጨርስ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የደረሰብኝን ስለምታውቅ የምመልስላት ቃል አጣሁ።

ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሻርልኝ፣ የማይሻር ከሆነም የተመሠረተበት የሕግ አንቀጽ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። መጋቢት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ወጥመዶቼም ተጠግነው ተቀምጠዋል።

የነፍሳት ተመራማሪ፣ ጎንደር