ጋዜጣን የገደለው ፌስቡክ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጋዜጣ አንባቢ መጥፋት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ጥሩ ጽፈዋል፤ አማርኛቸውም ያምራል። ነገር ግን የጋዜጣን ሞት ሙሉ በሙሉ በፌስቡክና በስልክ ላይ ሲያላክኩ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ምሁር አይደለሁም። አራት ኪሎ ላይ መጀመሪያ ጋዜጣ እያዞርኩ፣ ኋላም እያከፋፈልኩ ልጆቼን ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ሟቹን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ አሟሟቱንም አይቻለሁ።

ላላየ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ጋዜጣ በሚወጣበት ቀን ሳይነጋ አራት ኪሎ እንገኛለን። ጥቅሉ ይመጣል፣ ቅጠሉን እንደራርባለን፣ እናጥፋለን፣ ቆጥረን እንከፋፈላለን። ፀሐይ ስትወጣ አዟሪው ፒያሳና መገናኛ ደርሷል። አራት ኪሎ የሚቀሩት አከራዮቹ ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ የሚመልስ ሰው የሚከፍለው ሳንቲም ነው፤ አንዱን ቅጂ እስከ ማታ ስንት ሰው እንደሚያነበው እግዜር ይወቀው። ስለዚህ «ይህ ጋዜጣ ይህን ያህል ታተመ» ሲባል እኛ እንስቃለን። የታተመውና የተነበበው ለየቅል ነበር።

1997ን የማይረሳ አዟሪ የለም። በምርጫው ሰሞን ኢትኦጵ፣ አስኳል፣ ምኒልክ፣ ሳተናው ከእጃችን ላይ ነበር የሚነጠቁት። ተመላሽ የሚባል ነገር ረስተን ነበር። የግል ጋዜጦች ሁሉ ጻድቃን ነበሩ አልልም፤ ርዕሱ ጮሆ ውስጡ ባዶ የሆነ ጋዜጣ ሸጬ ደንበኛ ሰድቦኝ ያውቃል። ሰውዬው ግን ይሰድበኝና በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጋዜጣ ይገዛል። በጥቅምት 1998 አዘጋጆችና አሳታሚዎች ከተቃዋሚ መሪዎቹ ጋር ተለቅመው ታሰሩ። ከአሳታሚዎቹ አንዷ ሰርካለም ፋሲል ልጇን የወለደችው በእስር ላይ እያለች ነው። እኛ ደግሞ አንድ ሰኞ ጠዋት አራት ኪሎ ወጥተን የምንሸጠው አጣን። ያን ጊዜ በኛ ሰፈር ፌስቡክ የሚባል ነገር የሰማ አንድ ሰው አልነበረም።

ጸሐፊው የዘለሉት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋና ባለቤቱ ሰርካለም በ1999 ከተፈቱ በኋላ እንደገና ጋዜጣ ለማሳተም ፈቃድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። እስክንድር ኢንተርኔት ላይ መጻፍ የጀመረው ወረቀት ስለሰለቸው አልነበረም። በመስከረም 2004 ተይዞ በፀረ ሽብር ሕጉ 18 ዓመት የተፈረደበትም በዚያው ጽሑፉና ንግግሩ ነው። ዞን ዘጠኝ የተባሉት ጦማሪ ልጆችም ቢሆኑ ብሎጋቸው አገር ውስጥ እንዳይከፈት ታግዶባቸው ነበር። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው እኛ የምንኖርበት አገር ነው ብለው ነው ስሙን ያወጡት። እንግዲህ ጋዜጣ ወደ ኢንተርኔት ተሰደደ እንጂ ኢንተርኔት መጥቶ ጋዜጣን አላባረረውም። ቅደም ተከተሉ ይስተካከልልኝ።

ስለ እስር ሁሉም ያወራል፤ እስር ይታያል፣ ስም አለው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለማይታየው ነው።

በአዋጅ 34/1985 ቅድመ ምርመራ ቀረ ተባለ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ብሎ ጻፈ። በደርግ ጊዜ ጽሑፍ ይዘው ሳንሱር ቢሮ ደጅ ይጠኑ የነበሩ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን ነግረውኛል። ታዲያ ጋዜጣ በብዛትና በሚቻል ዋጋ የሚያትም ማሽን ያለው ማን ነበር? ብርሃንና ሰላም። የመንግሥት ነው። ራስ ተፈሪ በ1914 ሲያቋቁሙት ያወጡለትን ስም ሳስብ አንዳንዴ ይገርመኛል። በሚያዝያ 2004 ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች አዲስ የሥራ ውል አቀረበ። በውሉ አንቀጽ 10 መሠረት ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም ማለት ይችላል። አሳታሚዎቹ ይህ ሳንሱር ነው ብለው ጮኹ። ማተሚያ ቤቱም ሕጉ እኔንም ይጠይቀኛል አለ። ነገሩን ልብ ብላችሁ እዩት። በሕገ መንግሥት የተከለከለው ነገር በውል ስም ተመልሶ ገባ። ዳኛ የለ፣ ክስ የለ፣ ይግባኝ የለ። አንባቢም አያውቅም፤ ጋዜጣው ያለወትሮው ሲቀር «ዛሬ አልወጣም እንዴ?» ብሎ ያልፋል።

ውሉ ከመጣ ሦስት ወር ሳይሞላው ሐምሌ 13 ቀን 2004፣ ዓርብ ዕለት፣ የፍትሕ ጋዜጣ ተራ ደረሰ። አገሩ በሙሉ አቶ መለስ የት ናቸው፣ በሕይወት አሉ ወይ እያለ ይንሾካሾካል። ፍትሕ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጤና ጽፏል፤ የሙስሊሙን ማኅበረሰብ ተቃውሞም ይዟል። 30 ሺህ ቅጂ ታትሞ ካለቀ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ትእዛዝ እንዳይሰራጭ ተደረገ። ፍትሕ ሚኒስቴር ፍትሕን አገደ፤ ቀልድ አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው። እኛ ከሌሊቱ ጀምረን ቆመን ነበር። መጀመሪያ ዘገየ ተባልን፣ ቀጥሎ ይመጣል ተባልን። ወደ አራት ሰዓት ላይ የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች መጥተው ማንን እንደምንጠብቅ ጠየቁን። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልጠበቀም። በወሩ፣ ነሐሴ 15 ጠዋት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማረፋቸውን ቴሌቪዥኑ ራሱ ነገረን። ፍትሕ ግን በጋዜጣነቱ ተመልሶ አልታተመም። አዘጋጁ ተመስገን ደሳለኝ በዚያ ጋዜጣ ላይ በወጡ ጽሑፎች ተከሶ በጥቅምት 2007 ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ ያቺንም ጨርሶ ነው የወጣው።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ ራሱ ሥራውን ይሠራ ጀመር። የታሰረ ማተሚያ ቤት እኔ አላየሁም። ነገር ግን መጽሔት ለማሳተም የሚዞር ሰው አንዱ ጋ «ማሽን ተበላሽቷል»፣ ሌላው ጋ «ወረፋ ነው»፣ ሦስተኛው ጋ «ወረቀት አልቋል» ይባላል። በሐምሌ 2006 መጨረሻ ፋክት፣ ሎሚ፣ ዕንቁ፣ ጃኖ፣ አዲስ ጉዳይና አፍሮ ታይምስ የሚባሉት ኅትመቶች መከሰሳቸው በቴሌቪዥን ሲነገር፣ የክስ ወረቀቱን ያላዩ አከፋፋዮች ያን ዕለት ማታውኑ ሱቃቸውን አጸዱ። እኔም አጽድቻለሁ፤ ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። ያልተሸጡትን መጽሔቶች ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር አነደደቻቸው። በዚያው ዓመት ብዙ ጋዜጠኛ አገር ጥሎ ሄደ። እኔ የጋዜጣ ሥራዬን ተውኩ።

አሁን ያለው ሁሉ ያው ነው ብዬ ደግሞ አልደመድምም። በ2010 እነ እስክንድር ሲፈቱ፣ ታግደው የነበሩ ከ260 በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ እኔም እንደ ሰው ደስ ብሎኛል። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ 1238 የሚባለው፣ በጻፈው ነገር የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ተብሎ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ሕጉ አንድ ዓመት እንደሞላው፣ በግንቦት 2014፣ ከአሥር በላይ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ተመስገንም እንደገና ከነሱ አንዱ ነበር። በሚያዝያ 2017 ደግሞ አዋጁ ተሻሽሎ ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ወጥቶ ለባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ተሰጠ። እባብ ለመደ ተብሎ ከኪስ አይገባም ይሉ ነበር አባቴ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ ፕሬስ ነፃነት ስትጽፉ ስንት ጋዜጠኛ ታሰረ የሚለውን ብቻ አትቁጠሩ። ማሽኑ የማን ነው? ወረቀቱን የሚያስገባው ማን ነው? ሰርቨሩን፣ መስመሩን የሚዘጋው ማን ነው? በቃል ትእዛዝ ነው ወይስ በጽሑፍ? ይህን ጠይቁ። ፌስቡክም ቢሆን ያው ነው፤ ኢንተርኔቱ በአንድ ቀን ጭር ሲል አይተናል። የወረቀት ዋጋ መናሩም፣ የወጣቱ ስልክ ላይ ማፍጠጥም እውነት ነው፤ አልክድም። ግን እነዚህ የመጡት ሟቹ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ነው።

አንድ ደንበኛ ነበሩኝ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። የወሩን ሒሳብ አስቀድመው ይከፍሉኛል፤ ዓርብ ዓርብ ፍትሕን በራቸው ሥር አሾልክላቸዋለሁ። ያን ዓርብ ባዶ እጄን ሄድኩ። «ነገ ታመጣልኛለህ» አሉኝ። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በሰፈራቸው ማለፍ አፍሬ ተውኩ። የሦስት ጋዜጣ ሒሳብ እስካሁን እጄ ላይ አለ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ጋዜጣ አከፋፋይ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ