የሥራችን ሸክም፦ ለባልደረቦች የተላከ መልእክት

ውድ የቡድናችን አባላት፣

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን፣ በአማራ፣ የቀጠለውን ግጭት የምንዘግብ ሁሉ የተሸከምነው ነገር ተራ የሥራ ድካም አለመሆኑን በግልጽ መነጋገር ይገባናል። የአእምሮ ሐኪሙ አንቶኒ ፋይንስታይን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠኑት የጦርነት ዘጋቢዎች 28.6 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ በሚመጣ የጭንቀት ሕመም ተይዘው እንደነበር አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ከሩቅ የመጣ ዘጋቢ ሥራው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የእኛ ባልደረባ ግን ከፍኖተ ሰላም ወይም ከደጀን የሟቾችን ስም በስልክ ሲቀበል የገዛ ዘመዱን ስም እንዳይሰማ እየፈራ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሲገባም ሐዘንተኛ ይሁን ዘጋቢ ለራሱም አይለይለትም።

ጉዳቱ በቦታው በተገኙት ብቻ አይወሰንም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ፣ በሥራ ምክንያት አሰቃቂ ምስሎችን ደጋግሞ የሚያይ ሰውም ለዚህ ሕመም ሊጋለጥ እንደሚችል ተቀብሏል። ስለዚህ ቪዲዮ የምታጣሩ ባልደረቦች፣ ድምፁ አስፈላጊ ካልሆነ አጥፍታችሁ፣ ምስሉንም አሳንሳችሁ እንድትመለከቱና ሥራውን በፈረቃ እንድትከፋፈሉ፣ አዘጋጆችም ዘጋቢን ያለ ፈቃዱ በትውልድ ቀበሌው ስለደረሰ እልቂት እንዲዘግብ እንዳትመድቡ እንጠይቃለን።

እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ያለ ምክንያት መቆጣቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ጠበል የምትሄዱም ብትሆኑ (ብዙዎቻችን እንሄዳለን) አንዱ ሌላውን አይከለክልም።