ሕጉን የጻፈው ማን ነው?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ብዙ ተጠፋፋን። ያ ሳንቋጨው የተለያየንበት ክርክር ግን ዛሬም ከልቤ አልወጣም። «ማርክሲስቶች ወንጀልን ሁሉ በድህነት ያሳብባሉ፤ ታዲያ ደሃ ሁሉ ይሰርቃል እንዴ?» ብለኸኝ ነበር። ሰሞኑን ስለ ወንጀል የጻፉ ማርክሲስት ሶሲዮሎጂስቶችን (የኅብረተሰብ አጥኚዎችን) ሳነብ ጥያቄህ እየመጣ ይሞግተኛል።

እኔን የያዘኝ ሐሳባቸው የድህነቱ ጉዳይ አይደለም። ሕጉን ማን ጻፈው የሚለው ነው።

የማርክስን የራሱን ታሪክ ልንገርህ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1842 ነው። ገና የ24 ዓመት ጋዜጠኛ ነበር። በጀርመን ራይን አካባቢ ድሃው ገበሬ ከዛፍ የወደቀ ጭራሮ ለቅሞ የማገዶ ፍላጎቱን መሸፈን የቆየ ልማዱ ነበር። ኋላ እንጨት ዋጋ አወጣ። ባለ ርስቶች የሚደመጡበት የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትም ጭራሮ ለቀማው ስርቆት ይባል ብሎ መከረ። የተለቀመውን እንጨት ዋጋ የሚተምነው ማን መሰለህ? የባለ ደኑ ቅጥረኛ የሆነው ጥበቃ። የቅጣቱ ገንዘብስ ለማን ይገባል? ለዚያው ለባለ ደኑ። ማርክስ ይህን ኮሎኝ በሚታተም ጋዜጣ ላይ በቁጣ ጻፈበት። ወደ ኢኮኖሚ ጥናት ከገፋፉኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው ሲልም ኋላ ተናግሯል። አስበው፣ ገበሬው ምንም አልተለወጠም። ትናንት ያደርግ የነበረውን ነው ዛሬም ያደረገው። የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዊልያም ቻምብሊስም በ1964 ስለ እንግሊዝ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ሕዝቡን ሲፈጅ ሠራተኛ ጠፋ፤ የተረፈው የተሻለ ደሞዝ መጠየቅ ጀመረ። በ1349 ጉልበት ያለው ሰው በድሮው ደሞዝ እንዲሠራ ታዘዘ። ጉልበት እያለው ለሚለምን ሰው ምጽዋት መስጠት እንኳ ተከለከለ።

ወደ እኛ ዘመን ስመጣ የሕንዷ ከተማ ቦፓል ትታወሰኛለች። በ1984 ከፀረ ተባይ ፋብሪካ ያመለጠ መርዛማ ጋዝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ገደለ። በ2010 ጥፋተኛ የተባሉት ሕንዳውያን የሥራ ኃላፊዎች የሁለት ዓመት እስር ተፈረደባቸው። የአሜሪካው እናት ኩባንያ ሊቀ መንበር የነበረው ሰው ደግሞ ችሎት ፊት ሳይቆም በ2014 አረፈ። ኪስ አውላቂን «ወንጀለኛ» ለማለት አፋችን አይያዝም። ይህን ግን «አደጋ» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ነገር በጣም ያንገበግበኛል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ኔዘርላንዳዊው የወንጀል ተመራማሪ ቪለም ቦንገር በ1905 ጉዳዩን በድህነት ብቻ አላሳበበም። ካፒታሊዝም ሀብታሙንም ደሃውንም ስግብግብ ያደርጋል፤ ሕጉ አጥብቆ የሚከታተለው ግን የደሃውን ነው አለ። ይህም ቢሆን «ለምን አንዱ ሰርቆ ጎረቤቱ አይሰርቅም?» ለሚለው በቂ መልስ አይደለም። እዚህ ላይ አንተ ትክክል ነህ። የግል ንብረት ወረስን ያሉ አገሮችም ከሌባ አልጸዱም።

ደስ ያለኝ፣ ከራሳቸው ወገን ይህን የተናገረ መገኘቱ ነው። ብሪታኒያዊው ሶሲዮሎጂስት ጆክ ያንግ በ1973 ወንጀልን በማርክስ ዓይን ከሚያዩት አክራሪዎች ዋነኛ ደራሲዎች አንዱ ነበር። በ1984 ከጆን ሊ ጋር ሆኖ ግን ጓዶቹን ተቆጣ። ቤቷ የተሰበረባት ደሃ እናት እኮ ሌባው የመደብ ታጋይ ነው ቢሏት አትጽናናም! ወንጀል አብዝቶ የሚጎዳው ደሃውን ራሱን ነው አሉ። ሰውን ወደ ወንጀል የሚገፋውም ማጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከሌላው ጋር ሲተያይ ተበደልኩ ብሎ ማመኑ ነው አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ የማርክስን የጭራሮ ጥያቄ ግን አልጥለውም።

አንተ የቱን ትጥላለህ? እንደ ድሮው ሳትራራልኝ ጻፍልኝ።

ወዳጅህ