ፓምፑን ከርክክብ በኋላ ማን ይጠግነዋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጎጃም ገጠር መንግሥትና የውጭ ረድኤት ድርጅቶች በጋራ ስለሚሠሯቸው የውኃ ተቋማት ሲነገር የሚቆጠረው የተቆፈረው ጉድጓድ ነው። ችግሩ ግን የሚመጣው ከርክክብ በኋላ፣ ፓምፑ ሲበላሽ ነው።

በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ የተለመደው አሠራር እዚህ ላይ ያስተምራል። ገንዘቡ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለነዋሪው የውኃ ኮሚቴ ይለቀቅ ነበር፤ ሲሚንቶ የሚገዛውም ከቆፋሪው ጋር የሚዋዋለውም ኮሚቴው ነበር። ወረዳው ያሠለጥን፣ ይቆጣጠር ነበር። ኮሚቴው ዕቃው ከየት በስንት እንደተገዛ ስለሚያውቅ ሲበላሽም ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋውም ነበር።

መለዋወጫው ሌላ ጣጣ ነው። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በአንድ የብሎን መፍቻ ቁልፍ እንዲፈታ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለጥገና ከተማ ድረስ ባለሙያ መጥራት አያሻም። ቶሎ የሚያልቁት የፒስተኑ (ውኃውን ወደ ላይ የሚስበው ክፍል) ጎማ፣ የቫልቩ (ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ክፍል) ጎማና የእጀታው የፕላስቲክ ቡሺንግ (ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሐል የሚገባው) ናቸው። የፒስተኑ ጎማ ሲሳሳ ብዙ ተገፍቶ ጥቂት ውኃ ይወጣል፤ የታችኛው ቫልቭ ሲያፈስ ውኃው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ቡሺንጉ በጊዜው ካልተቀየረ ብረት ከብረት ይፋጭና ጥገናው ይከብዳል። ፓምፑ በቆመ ቁጥር ደግሞ አባወራው ወርኃዊ መዋጮውን ያቆማል፤ ማን ለደረቅ ጉድጓድ ይከፍላል?

ስለዚህ የፕሮጀክት ስምምነት ሲፈረም የ2 ዓመት የጎማና የቡሺንግ ክምችት በወረዳው መጋዘን መኖሩ፣ በየቀበሌው ቢያንስ 2 ጠጋኞች መሠልጠናቸውና የመጀመሪያው ዓመት መዋጮ ከቁፋሮው በፊት መሰብሰቡ ይካተት። የመጨረሻው ክፍያም ርክክቡ 12 ወር ሞልቶት፣ ፓምፑ በጋራ ከተፈተሸ በኋላ ይለቀቅ።

አንድ አንባቢ፣ ከጎጃም