ትራምፔቱን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለተኛውን ስላይድ ሳቡት

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፣ ከጠባሴ። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፍቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈር ልጆችን ቤቴ አስተምራለሁ። አሁን አምስት ተማሪዎች አሉኝ። ባለፉት ሁለት ወራት ሦስት ሰዎች ያገለገለ ትራምፔት ይዘው ደጄን አንኳኩ። ሦስቱም የመጡት ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው። የሁለቱን ገንዘብ ውሃ በልቶታል። ምነው ቀድመው በጠየቁ እላለሁ። ግን ማንን ይጠይቃሉ? ስለዚህ የማውቀውን በጋዜጣችሁ እንድታወጡልኝ እለምናለሁ።

ከሦስቱ አንዱ ከመንዝ የመጣ አባት ነው። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ጥምቀት ላይ ማርሽ ባንድ አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። አባት በጎቹን ሸጠ። አዲስ አበባ ሄዶ የሚያብለጨልጭ ትራምፔት ገዛለት። የሳጥኑ ውስጥ በቀይ ከፋይ የተለበጠ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ሲከፍተው ወርቅ ይመስላል። አነሣሁት፤ ቀለለኝ። በጣት የሚጫኑትን ሦስቱን ፒስተኖች ጫንኳቸው። ሁለተኛው ወርዶ አልመለስም አለ። ነፋሁት። የሚወጣው ድምፅ ግማሹ ትንፋሽ ነው። ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ፊቴን ፊቴን ያያል። አባትየው፣ «እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም። «ወንድሜ፣ ይሄ ለዓይን ነው እንጂ ለአፍ አልተሠራም» አልኩት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እንግዲህ ያገለገለ ትራምፔት ስትገዙ ዓይናችሁን አትመኑ። ቅቡ መላጡ ድምፁን አይጎዳውም። ብር የተቀባ ሆኖ ከጠቆረም ይወለወላል። እንዲያውም አሮጌ ሆኖ ከመጠን በላይ ካበራ እኔ እጠረጥራለሁ። በማሽን ተፍቆ ሊሆን ይችላል፤ መፋቅ ደግሞ ናሱን ያሳሳዋል።

የትራምፔት ነፍሱ ፒስተኖቹ ናቸው። ከዘመን ብዛት ፒስተኑና ቤቱ ሲበላሉ በመሃላቸው አየር ያልፋል። ይህን ለማወቅ መንፋት እንኳ አያስፈልግም። መሃል ላይ ያለችውን አጭሯን ሁለተኛ ስላይድ፣ ተስባ የምትወጣዋን የቱቦ ቁራጭ፣ ያዙ። ፒስተኑን ሳትጫኑ መንጭቃችሁ አውጧት። የጠርሙስ ቡሽ ሲነቀል እንደሚጮኸው «ጷ!» ካለች ፒስተኑ አየር ይይዛል ማለት ነው። ዝም ብላ ከወጣች ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢቀንስላችሁም ተዉት። የተበላ ፒስተን በአዲስ አልብሶ የሚመልስልኝ ባለሙያ በዕድሜዬ እዚህ አገር አላገጠመኝም። ምንጩ፣ ሱፉና ቡሹ ግን አያሳስቡ። እኔ ከፒስተኑ ራስ ሥር የምትገባዋን ሱፍ ከአሮጌ የሱፍ ባርኔጣ ቆርጬ እሠራታለሁ። የውሃ ማፍሰሻዋን ቡሽም ከጠርሙስ ቡሽ በምላጭ እቀርጻለሁ።

ቀጥሎ መቃኛውን ትልቁን ስላይድ አውጡት። ማውዝፒስ (ከንፈር የሚገጠምበት) ከሚገባበት ጀምሮ ያለውን ቱቦ ወደ ብርሃን አዙራችሁ በውስጡ እዩ። ሮዝ ነጠብጣብ ካለበት ታሟል። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። የምራቅ እርጥበት ዚንኩን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ የሚቀረው መዳቡ ነው። ሮዝ ሆኖ የሚታያችሁም እሱ ነው። ያ ቱቦ ከውስጥ ወደ ውጭ እየበሰበሰ ነው። ተጋጭቶ የጎደጎደ ቦታም እዚያው ፈልጉ። የደወሉ፣ ድምፁ የሚወጣበት የሰፊው አፍ፣ ጫፍ ቢጎደጉድ ግድ የለም። ማውዝፒሱ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ግን የእህል ፍሬ ቢያህል እንኳ ኖታዎችን ያዛባል። ሁለተኛው ገዢ ደወሉን ለማቃናት መኪና ወደሚቀጠቅጥ ባቲላሜራ ወስዶት ኖሯል። ሰውየው በቅንነት ቀጠቀጠለት። ጉድጓዱ ጠፋ፣ ናሱ ግን እንደ ቆርቆሮ ሳስቶ ቀረ። እባካችሁ ወደዚያ አትውሰዱ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ልባችሁ ይግባ። እዚሁ ከተማ ባለቤታቸው የባንድ ሰው የነበሩ አንዲት እናት አሉ። ባላቸው ካረፉ ትራምፔቱ አልጋ ሥር ተቀምጦ ዓመታት ቆጠረ። ልጆቹ አንድ ቀን አውጥተው ቢነፉት አየር አላልፍ አለ። ተበላሽቷል ተባለ። ቆራሌው በሰፈሩ ሲያልፍ ጠሩት። ናስ በኪሎ ነው የሚገዛው። ሊመዝነው ሲል እናትየው፣ «እስቲ ቆዩ፣ ለጋሼ ላሳየው» ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። የቼኮዝሎቫኪያ አማቲ ነው። እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለውን ነፍቻለሁ። ፒስተኖቹን ፈታኋቸው። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፦ 1፣ 2፣ 3። አንዱ በሦስት ቤት፣ ሦስቱም በአንድ ቤት ገብቷል። አንድ ሰው ሊያጸዳ ፈትቶ ሲመልስ አሳስቶታል። ሌላ ምንም የለውም! ፒስተኖቹ ከቤታቸው ውጭ ሲገቡ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ አየሩም ይታፈናል። ቦታቸውን ቀያየርኩ፣ ዘይት ነካ አደረግኩ፣ ነፋሁት። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። የባላቸውን ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ ሰሙት።

እና ሻጭ «አየር አያልፍም» ብሎ ቢያረክስላችሁ አትሽሹ፣ ቁጥሩን እዩ። የድሮ የባንድ ሰው ቤተሰብ ሁሉ ደግሞ ከቆራሌው በፊት የሚያውቅ ሰው ይፈልግ። የናስ ሙዚቃችን ሥር ሩቅ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ሲነፉ የተዘረጋ መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። እኔም የተሰጠኝ የመጀመሪያው ትራምፔት ሳጥን ክዳን ላይ ከእኔ በፊት የነፉት ሦስት ሰዎች ስም በሚስማር ተጭሮ ነበር። በኪሎ መሸጥ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለእኛ ሰው አንድ ትራምፔት ሁሉንም መቻል አለበት። ጠዋት ማርሽ፣ ከሰዓት ሠርግ፣ ማታ ጃዝ። ሁለት መሣሪያ የሚገዛ የለም። ስለዚህ ቢ ፍላት ትራምፔት ይሁን፣ የባንዱ ኖታ የሚጻፈው ለሱ ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት መካከለኛ፣ 11.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ለሁሉም ይስማማል። ያማሃ ለተማሪ የሚሠራቸው በዚሁ አካባቢ ናቸው። አሜሪካ የሚሠራው ባክም፣ ደወሉ ቁጥር 37 የሆነው፣ ለሁሉም ሙዚቃ የሚሆን ነው። ዋጋው ግን ለእኛ ከባድ ነው። ማውዝፒስ በ7 ሲ ጀምሩ። ከንፈር ሲጠነክር 3 ሲ ይግዙ፤ ድምፁ ሞላ ይላል። በባክ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ስፋቱ ይጨምራል፣ ብዙ ሰው ይሄን ይገለብጠዋል።

ግን የእኛን ዜማ ለሚነፋ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ ሦስተኛው ስላይድ። የግራ እጅ የቀለበት ጣት የሚገባበት ቀለበት ያለው ነው። ስላይዶቹ የተለኩት እያንዳንዱ ፒስተን ለብቻው ሲጫን ነው። 1ንና 3ን አብራችሁ ስትጫኑ የሚጨመረው ቱቦ ከሚፈለገው ያጥራል፣ ድምፁም ከቦታው ሽቅብ ይወጣል። ሦስቱን አንድ ላይ ስትጫኑ ደግሞ ይብሳል። የፈረንጅ ማርሽ ውስጥ እነዚህ ኖታዎች ሽው ብለው ያልፋሉ። የእኛ ቅኝት ግን እነሱ ላይ ይቀመጣል። ከታችኛው ሲ ተነሡና አምባሰል ንፉ። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ያቺ ዲ ፍላት በሦስቱም ፒስተን ነው የምትነፋው። አንቺሆዬም እንዲሁ ዲ ፍላት አለችበት። ትዝታን ከዚያው ከሲ ከጀመራችሁ ዲ ትመጣለች፣ እሷም በ1ና በ3 ነው። እነዚህ ላይ ስላይዱን በጣት ወደ ፊት ካልገፋችሁት ማሲንቆው አንድ ቦታ፣ እናንተ ሌላ ቦታ ናችሁ። አድማጭ ምክንያቱን አያውቀውም፣ ጆሮው ግን ይቆረቁረዋል። ስለዚህ ስትገዙ ጣታችሁን ቀለበቱ ውስጥ አስገቡና ግፉት። ከልብስ ላይ አቧራ እንደማራገፍ ቀልሎ መሄድ አለበት። ከደረቀ ጎትታችሁ አትታገሉት። አንድ ሌሊት ማያያዣው ላይ ዘይት አሳድሩበት፣ ጠዋት ሙቅ ውሃ አፍሱበት፣ ከዚያ በጨርቅ ይዛችሁ ሳቡት። ሲወጣ አጽዱትና ቫዝሊን ቀቡት። ፒስተኑ ላይ ግን ቫዝሊን እንዳታስነኩ! የስፌት መኪና ዘይትም ይወፍርበታል።

ብርዳችን ደግሞ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከፍታው ድምፁን አይለውጠውም፣ ቅዝቃዜው ግን ያወርደዋል። ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ነው። በሞቀ ክፍል ውስጥ ትራምፔቱ ከፒያኖ ጋር ሲስማማ መቃኛው ስላይድ ቢያንስ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ወጥቶ መሆን አለበት። እስከ መጨረሻው ገብቶ ብቻ ከሆነ የሚስማማው፣ እኛ ዘንድ ማለዳ የሚገፋበት ቦታ አይኖረውም። ማውዝፒሱን ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። ከመንፋታችሁም በፊት ድምፅ ሳታወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ብቻ አስገቡለት። ለጀማሪ የምለው ሌላው ሁሉ አጭር ነው። ረጅም ድምፅ ቀስ ብላችሁ ንፉ፤ ከሆድ ተንፍሱ፤ ከንፈር ላይ አትጫኑ፤ የነፋችሁትን ያህል እረፉ።

ሰፈርም ይታሰብ። እኛ ዘንድ የትራምፔት ድምፅ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የዕድሩን ጡሩምባ ነው። አንድ ማለዳ አንዱ ተማሪዬ ረጅም ድምፅ ሲለማመድ ጎረቤታችን ያሉ አዛውንት እናት ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። «ማን አረፈ ልጄ?» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። በዚያው ቀን ከዕድሩ ዳኛ ጋር ተነጋገርኩ። አሁን ልምምዳችን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው፣ ለቅሶ ባለበት ቀን ደግሞ አንነፋም። ልጁን መሣሪያ የሚያስይዝ ወላጅ ይህን ቀድሞ ቢያደርግ ጥሩ ነው።

ያገለገለ ትራምፔት ለመግዛት ያሰበ የሰሜን ሸዋ ሰው ሁሉ ከመክፈሉ በፊት ይዞልኝ ይምጣ። ጠባሴ ሲደርስ ትራምፔት የሚያስተምረውን ጡረተኛ ብሎ ቢጠይቅ ቤቴን ያሳዩታል። ሻጩም አብሮ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ገንዘብ አልቀበልም።

የመንዙን አባት ነገር ሳልጨርስላችሁ አልሰናበትም። አማቲውን በነጠላቸው ጠቅልለው ያመጡልኝ እናት ትራምፔቱ ሳጥን ውስጥ እንዲመለስ አልፈለጉም። «የሚነፋው ልጅ ፈልግልኝ» አሉኝ። ወዲያው ያ ግድግዳ የተደገፈው ልጅ ነው የታወሰኝ። አባትየውን ደወልኩለት። ባለው ጥቂት ብርና በአንድ ጎምላላ በግ ተስማሙ። እሳቸው በጉን ለባላቸው ዝክር አረዱት። ልጁ አራት ቅዳሜ በአውቶቡስ እየመጣ ተማረ። ከዚያ መንገዱ ስለራቀው በስልክ ቀጠልን። ባለፈው እሑድ ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ ስሙኝ» ብሎ ስልኩን የሆነ ቦታ ላይ አስቀመጠው። አምባሰል ጀመረ። ዲ ፍላቷ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ትንሽ ሽቅብ ወጣች፤ ወዲያው ዝቅ ብላ ቦታዋን ያዘች። ስላይዱን ገፍቶት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ትራምፔት ነፊ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ